ማሰሪያውን የዋጠ

ከቴአትር የሚወጣ ሰው ሲያወራ መስማት ያመኛል። «እንዴት አለቀሰች በናትህ!» «ሲጮህ አዳራሹ አልተናጋም?» «ፂሙ ራሱ የንጉሥ ፂም!» ላም ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ቀንዷን ሲያደንቅ ውሎ የሚመለስ ሰው ይህንኑ ይመስላል። ተመልካቹስ ይሁን፤ የመግቢያውን ከፍሏል፣ ለወደደው ያጨብጭብ። የሚያንገበግበኝ በየክልሉ ትወና የጀመሩት ልጆች ያንኑ ጭብጨባ ሚዛን አድርገው መያዛቸው ነው። በቅርቡ አንዱ፣ ጎበዝ የሚባል ልጅ፣ «ጋሼ፣ እንዴት ነበርኩ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ግማሹን አልሰማሁህም» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ከጓደኞቹ ጋር ፎቶ ሊነሣ ሄደ።

ለሱም፣ እሱን ለሚያደንቁትም ነው ይህን የምጽፈው።

ተራውን ነገር እዘለዋለሁ። ቃሉን ያላጠና፣ ያለምክንያት ጀርባውን ለሕዝብ የሚሰጥ፣ መብራቱ ወዲያ እሱ ወዲህ የሚሆን፣ ሞቶ ተጋድሞ ሳለ የሚያስል ተዋናይ መጥፎ መሆኑን ለማወቅ የእኔ ምክር አያስፈልግም። ስለ ልብስና ስለ ሜካፕም አላወራም። በዕንባ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ዕንባ ርካሽ ነው። ለቅሶ ቤት ደርሶ የሚያውቅ ሁሉ ማልቀስ ይችላል። ተዋናይት ስታለቅስ ጠይቁ ቢባል የምትጠይቁት፣ እያለቀሰች የምትለው ይሰማል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ጩኸትም እንዲሁ ነው። ጉሮሮ ያለው ሁሉ ይጮኻል።

እኔ ተዋናይ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ከኋላ ወንበር ድረስ ያደርሰዋል ወይ? ሞቅ አድርጎ ጀምሮ፣ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ የመጨረሻዋን ቃል ጉሮሮው ውስጥ የሚቀብራት ከሆነ፣ ቁመናው የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ ዘንድ ገና ተዋናይ አልሆነም። አማርኛ ነገሩን ሁሉ የሚያስረው መጨረሻ ላይ ነዋ! ማን አደረገው፣ በማን ላይ አደረገው፣ አድርጎታል ወይስ አላደረገውም፣ ጥያቄ ነው ትእዛዝ፣ ማክበር ነው መናቅ፤ ይህ ሁሉ በመዝጊያው ግሥ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ደራሲው ስሙን ከነቅጽሉ፣ ቦታውን ከነጊዜው ደርድሮ ሰሚውን አንጠልጥሎ የሚያቆየው ለዚያች ቃል ሲል ነው። እሷ ከተዋጠች የቀረው ዝርዝር ነው።

የተጋነነ የመሰለው ካለ ይህን ይስማ። አንድ የደም መመላለስ ታሪክ የሚተርክ ተውኔት እያየሁ ነበር። ልጁ ሽጉጥ ይዞ የአባቱን ገዳይ ሊበቀል ይነሣል። እናቲቱ ዘመኗን ሁሉ ደብቃ የኖረችውን የምታወጣው እዚያ ላይ ነው፤ «አባትህን የገደለው እሱ አይደለም።» መላው ተውኔት የሚዞረው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ተዋናይቱ «አባትህን» ስትል ድምፅዋ ጣሪያ ነካ። «የገደለው» ላይ ትንፋሽዋን ጨረሰች። «እሱ» ብላ ጣቷን ቀሰረች፤ ጥሩ ጣት ነበር፣ አይካድም። «አይደለም»ን ግን ለነጠላዋ ጫፍ ነገረችው። ከፊት የተቀመጠው ሰምቷል። ከአራተኛው ረድፍ ወዲህ ያለነው የሰማነው «አባትህን የገደለው እሱ» ነው። ከኋላዬ አንዱ «ጠርጥሬ ነበር!» ብሎ ጭኑን መታ።

ከዚያ በኋላ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ተውኔት ታየ። ፊት ያሉት ንጹሕ ሰው ከሞት ሲተርፍ እያዩ አለቀሱ። ኋላ ያለነው ነፍሰ ገዳይ ሲታቀፍና ሲሳም አይተን አጉረመረምን። ሲወጡም ሰዎች በሩ ላይ ይከራከሩ ነበር። ተዋናይቱስ? ተሞገሰች። ስለ ዕንባዋ።

ይህ ሕመም ከየት መጣ ቢባል መነሻው ትንፋሽ ነው። የእኛ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ ሐረግ በሐረግ ላይ እየጫነ ይሄዳል። ጀማሪ ተዋናይ አየሩን በሙሉ ቅጽሉ ላይ ያፈሰዋል፤ ግሡ ሲደርስ ሳንባው ባዶ ነው። ይህ ግን የሚድን በሽታ ነው። የከፋው ሰውየው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ልቡ ወደሚቀጥለው ቃለ ተውኔት ሲሄድበት ነው፤ አፉ እዚህ፣ ሐሳቡ እዚያ። ይህን ለመለየት ዓይኑን እዩ። የመጨረሻዋን ቃል ሲደርስ ዓይኑ ባልደረባውን ለቆ አንድ አፍታ ባዶ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ገጽ እየገለበጠ ነው። ሦስተኛው ጥፋት የፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ነው። እዚያ ማይክ አገጭህ ሥር አለ፣ ማንሾካሾክ ዋጋ ያወጣል። ልጁ የክልል ከተማ መድረክ ላይ ቆሞ ያንኑ ሲያደርግ «ተፈጥሯዊ ትወና» ይሉለታል። የማይሰማ ነገር ተፈጥሯዊ ነው ካልን ዝምታም ትወና ነውና ሁላችንም እቤታችን ቁጭ እንበል።

ማክበርና መናቅን ካነሣሁ፣ የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ለመሥራት የሚነሣ ቡድን ይህን ጉዳይ ሳያጠራ ባይነሣ እመርጣለሁ። የተማረ የመኳንንት ዘር የቤት ሠራተኛውን የሚያገባበት ኮሜዲ ነው። እዚያ ሳቁ የሚመጣው ከመውደቅና ከመነሣት አይደለም። ማን ማንን «አንተ» አለ፣ ማን ማንን «እርስዎ» አለ፣ ማን መሐል ላይ ተሳስቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ተንሸራተተ፤ ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። «መጣህ» እና «መጡ» የሚለያዩት በጫፋቸው ነው። ጫፉን የሚቆርጥ ተዋናይ ጌታና ገረዱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ እኩልነትን ቢያመጣም ኮሜዲውን ይገድለዋል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአንድ ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ቀበሌው፣ ከፍተኛው፣ አውራጃው ሁሉ የየራሱ የኪነት ቡድን ነበረው። ከቀበሌ የተሻለው ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም ወደ አውራጃ እየተመለመለ ክፍለ ሀገር ይደርስ ነበር። የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ ዛሬም ስማቸው ይነሣል። ግን የሚነሣው በዘፈን ነው። ላሊበላ ሲባል ማሪቱ ለገሰ፣ ግሽ ዓባይ ሲባል ይሁኔ በላይ ይጠራሉ፤ ይገባቸዋልም። በዚያው መድረክ ላይ ከዘፈንና ዘፈን መሐል ቴአትር የሚሠራው ሰው ግን ካሴት አላስቀረጸም። ከተጨበጨበለት ሰዓት በቀር የተረፈለት ነገር የለም። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን ዓለምን ሲዞርም የተጫነው ሙዚቃና ውዝዋዜ ነበር፤ ቃለ ተውኔት ባሕር አይሻገርም።

ይህን ያስተማሩኝ ሰው ከዚያ ዓይነት ተዋናዮች አንዱ ነበሩ። ልጅነታቸውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስላሳለፉ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ስሙን አይወዱትም። ንባብ ቤት ጨርሰው ዜማውን መሐል ላይ ትተው ከተማ ገቡ፣ ማዘጋጃ ቤት ተላላኪ ሆኑ፣ ከዚያ ቀበሌ ኪነት ያዛቸው። የክፍለ ሀገር ተዋናይ ሥራው ትወና ብቻ አልነበረም። ቀን መጋረጃ ይሰፋል፣ ማታ ንጉሥ ይሆናል፣ ሲነጋ የጭነት መኪና ላይ ከከበሮውና ከዴኮሩ ጋር ተጭኖ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። የትምህርት ቤት ዴስክ ገጥሞ ይተኛል። የኔታ ድምፃቸው ወፍራም ስለነበር ዕድሜ ልካቸውን የሚሰጣቸው የባላባት ገፀ ባሕርይ ነበር። በዚያን ጊዜ ድርሰት ውስጥ ደግሞ ባላባት የሚሠራው ማስገበርና መሸነፍ ብቻ ነው። አንድ የገጠር ገበያ ላይ ካሳዩ በኋላ ጠላ ቤት ቢገቡ ባለቤቲቱ «ላንተ ዓይነቱማ አልቀዳም!» ብላ መለሰቻቸው። እሳቸው ይህን ሲያወሩ ከማንኛውም ሽልማት በላይ ይኮሩበት ነበር።

በሌላ ጥበብ የኔታን የሚበልጥ ይኖር ይሆናል። ማሰሪያ ላይ ግን የሚደርስባቸው አላየሁም፤ ምክንያቱም ንባብ ቤት ነው። ግዕዝ የሚያነብ ተማሪ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያለ ቃል ሁሉ በምን ድምፅ እንደሚነገርና እንደሚያርፍ ይማራል። ተነሹን ወዳቂ ካደረገው መምህሩ አያልፈውም። በልጅነቱ በዚህ ያለፈ ጆሮ የቃል ጫፍ ሲንጠባጠብ ያመዋል። ስለዚህ እኛንም አልማሩንም። «ወዳቂም ቢሆን የሚወድቅበት ቦታ አለው፤ አንተ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትጥለው» ይሉኝ ነበር።

መድኃኒታቸው ቀላል ነበር፤ ዛሬም ተዋናይ ነኝ የሚለኝን ሁሉ አሠራዋለሁ። ቃለ ተውኔቱን ከራሱ ሳይሆን ከጅራቱ ማጥናት። ያንኑ የእናቲቱን ዓረፍተ ነገር ውሰዱ። መጀመሪያ «አይደለም» ብቻ በል። ቆመህ፣ ባልደረባህን እያየህ፣ እምነትህን ጥለህበት። ከዚያ «እሱ አይደለም»። ከዚያ «የገደለው እሱ አይደለም»። መጨረሻ ላይ «አባትህን የገደለው እሱ አይደለም»። ልብ በሉ፣ በእያንዳንዱ እርከን የተባለው ሙሉ ነገር ነው፤ ከፊት ጀምራችሁ ብትቆርጡት ግን አንዱም እርከን ዓረፍተ ነገር አይሆንም። እንዲህ ያጠና ሰው ሲናገር የሚሄደው ወደሚያውቀው ቤት ነው፤ መንገድ ላይ ትንፋሹን አይበትንም።

ግጥም ሲሆን ጥፋቱ ይብሳል። የእኛ ግጥም ቤት የሚመታው በመጨረሻዋ ፊደል ነው፤ እሷን የዋጠ ቤቱን አፈረሰ። በወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠረ የለመደ ልጅ፣ ስምንት ስምንት የሚሄደው «የጸጋዬ ቤት» ሲመጣበት ትንፋሹ ሁለት ቀለም ሲቀረው ያልቃል። የዚያኑ የጸጋዬን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ለፈተና ይዘው የሚቀርቡ ወጣቶች ሰምቻለሁ። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በፋሽስት ጥይት የወደቁ ሰማዕት ናቸው፤ ልጆቹ ግን ጥይቱ ሳይተኮስ በየስንኙ መጨረሻ ይሞታሉ። ፈታኞቹም «ስሜት አለው» ብለው ያሳልፏቸዋል። ስሜት! ከዚህ ቃል የበለጠ ቴአትርን የጎዳ ቃል አላውቅም።

በተቃራኒው መንገድ የሚጠፉም አሉ። ይህን ምክር ግማሹን ሰምተው ማሰሪያውን ሁሉ እንደ ፉከራ ይደበድቡታል። «ቡናው ፈላ!» ሲል ጠላት ድንበር ጥሶ የገባ ይመስላል። ማድረስ ሌላ፣ መምታት ሌላ ነው። ለመለየት ቀላሉ መንገድ ተራ ቃለ ተውኔት ላይ መጠበቅ ነው። ጥሩ ተዋናይ «እንጀራ አቅርቢ» ሲል ኋላ ወንበር ያለው ሰው ይሰማዋል፣ ግን ማንም አይደነግጥም። ትልልቁን ንግግር ማንም ደህና አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔ ብሆን የምቀጥረው እንጀራውን ባቀረበበት ነው።

ከየኔታ ጋር ሁልጊዜ እናት ሆና የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። እትዬ እንላታለን፤ ገና በወጣትነቷ ሽበት እየተቀባች እናት አደረጓት፣ በዚያው ቀረች። ቤተሰቧ «አዝማሪ ሆንሽ» ብሎ ዓመታት አኩርፏታል። እሷን ማየት የነበረባችሁ በክረምት ነው። የምንሠራባቸው አዳራሾች ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነበሩ፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ መድፍም አይሰማም። ሌላው ተዋናይ ከዝናቡ ጋር ይጮኻል፣ ወይም ይቆምና ጣሪያውን ያያል። እትዬ ዓረፍተ ነገሯን እየተናገረች ሄዳ ማሰሪያው አፋፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። እጇ እንደተዘረጋ፣ ዓይኗ ከሰውየው ሳይነቀል፣ ትንፋሽዋን ይዛ። ሕዝቡ ምን ልትል እንደሆነ አያውቅም፤ «ይቅር ብዬሃለሁ» ትበል፣ «አልልህም» ትበል። ዝናቡ ጋብ ሲል በተራ ድምፅ ቃሏን ታስቀምጣታለች። ያን የመሰለ ጸጥታ ማይክ በተገጠመለት አዳራሽ ውስጥ አላየሁም። ያን ያህል መጠበቅ የምትችለው ደግሞ አየር ስለተረፋት ነው፤ መጀመሪያው ላይ አላባከነችውም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ኪነት ተበተነ። ድምፅ ያለው አዲስ አበባ ገባ፣ ዘመድ ያለው ንግድ ጀመረ፣ ጥቂቱ በየባህል ቢሮው ተቀጠረ። እትዬ ወደ ልጆቿ ሄደች። የኔታ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ራፖር ጸሐፊ ሆኑ። አንድ ቀን ሳልነግራቸው አጠገባቸው ቆሜ ሰማኋቸው። ደንበኛው የመሬት ክርክር ያለበት ገበሬ ነበር። የኔታ የጻፉለትን ከመፈረሙ በፊት አነበቡለት፤ ድንበሩን፣ ዋርካውን፣ የአባቱን ስም፣ የምስክሮቹን ስም፣ በአንድ ትንፋሽ ረጅም የፍርድ ቤት አማርኛ። መጨረሻው ላይ «እንዲወሰንልኝ አመለክታለሁ» ሲሉ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ቀና አሉ። ገበሬው «አሁንስ ይረቱልኛል» አለ። አንብበው ሲጨርሱ ነው ዓይናቸው እኔ ላይ ያረፈው፤ «ምን ቆመሃል? ወንበሩን ሳብና ተቀመጥ» አሉኝ።

ጆሮውን ማሠልጠን ለሚፈልግ ሰው ዛሬም መምህር አለ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ የተረከበትን ቅጂ ፈልጉ። ሐዲስ ዓረፍተ ነገራቸው ረጅም ነው፤ ሰውን ከነጠባዩ፣ አገሩን ከነልማዱ ይዞ ይጓዛል። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ስለሆነ ማይክ አፉ ሥር እያለም ማሰሪያውን አይለቀውም። ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን፣ ጉዱ ካሣን ሲሆን ድምፁ ይለወጣል፤ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ይህን ነው። እናንተ ግን እሱን ተዉትና ትረካው ላይ ብቻ፣ ግሦቹን ብቻ ስሙ። ድምፁ የሚወርድበት ቦታ አለ፤ ሲወርድ ግን ቃሉን ይዞት ይወርዳል። ከዚያ ተነሥታችሁ የዘንድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ክፈቱ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

አዳራሹን ሰበብ የሚያደርጉ አሉ። እውነት ነው፣ በየክልሉ ያለው አዳራሽ አብዛኛው ለስብሰባ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ድምፁ ሲመታ የሚመለስ። ጣልያን ጎንደርና ጅማ ላይ የተዋቸው የሲኒማ ቤቶችም ለአማርኛ ቃለ ተውኔት አልታሰቡም። ግን ድምፅ በሚመልስ አዳራሽ ውስጥ የሚድነው ማን ይመስላችኋል? ረጋ ብሎ ጫፉን የሚያደርስ ነው። የሚጮኸውማ የራሱ ጩኸት ተመልሶ ማሰሪያውን ይሸፍንበታል። ከጣሪያ ማይክ ማንጠልጠልም አያድንም፤ ተዋናዩ ሁሉ ሥሩ ሊቆም ይሻማል፣ ንጉሡና ሎሌው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ያወራሉ።

ስለዚህ የምትቀመጡበትን ምረጡ። የመጀመሪያ ቀን አትሂዱ፤ አዳራሹን የሞላው ዘመድ ነው። ከመጨረሻው በፊት ያለው ረድፍ ላይ፣ ከመሐል ፈንጠር ብላችሁ ተቀመጡ፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ በሩ ይረብሻችኋል። ሁለተኛው ገቢር ሲጀምር ዓይናችሁን ጨፍኑና ግሦቹን ብቻ ቁጠሩ። ከአሥር ዓረፍተ ነገር ሦስት ማሰሪያ ካመለጣችሁ መጥፎ ተዋናይ ነው፤ ሰባት ካመለጣችሁ ነገ በአንድ ድራማ ላይ መሪ ተዋናይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ተዋናዩ የሚሸለም ከሆነ ደግሞ አዘጋጆቹን አንድ ነገር እለምናለሁ። እንደ ልማዳችሁ ዳኞቹን የፊት ሶፋ ላይ አታስቀምጧቸው፤ እዚያ ሆኖ ማንሾካሾክም ይሰማል። ውኃቸውንና ወረቀታቸውን ይዛችሁ ከኋላ፣ ቆርቆሮው ከሚያፈስበት ጥግ አጠገብ ወንበር ስጧቸው። ሶፋውን ለከንቲባው ተዉለት።